ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ፦ ከእንዶድ አረፋ የተነሣ ሳይንስ

የፋብሪካ ሳሙና በየሱቁ ከመበራከቱ በፊት በሀገራችን ነጠላም ሆነ ጋቢ የሚነጣው በእንዶድ ነበር። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፤ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ነጭ አረፋ ሲያወጣ ልብሱ በወንዝ ዳር ይታጠብበታል። ይህን ሥራ እናቶች ለዘመናት ሲያከናውኑት ኖረዋል። አረፋው ከልብስ እድፍ ሌላ ምን እንደሚያስወግድ በሳይንሳዊ መንገድ ተመርምሮ የተረጋገጠው ግን እ.ኤ.አ. ከ1964 ወዲህ ነው። የዚህ ምርምር ፈር ቀዳጅ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ይባላሉ።

ፕሮፌሰር አክሊሉ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አግኝተዋል። ብዙዎች ሐኪም እንደነበሩ አድርገው ይጽፋሉ፤ ሙያቸው ግን በሽተኛ ማከም ሳይሆን ጥገኛ ተሕዋስያንን ማጥናት ነበር። በዚያው ዓመት ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥራ እንደጀመሩ ትኩረታቸውን የሳበው ቢልሃርዝያ ነበር።

የበሽታውን ዑደት ማወቅ የኋላውን ታሪክ ለመረዳት ይጠቅማል። በቢልሃርዝያ የተያዘ ሰው በሰገራው ወይም በሽንቱ የሚያስወጣው የትሉ እንቁላል ውኃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው እጭ የሚያድገውና የሚራባው በተወሰኑ የቀንድ አውጣ ዝርያዎች አካል ውስጥ ነው። ከዚያ በብዛት ወደ ውኃው ይወጣና ሊዋኝ፣ ልብስ ሊያጥብ ወይም ወንዝ ሊሻገር የገባን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ወደ ደም ሥሩ ይዘልቃል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከሌለ ዑደቱ ይቋረጣል። በዚያን ጊዜ ቀንድ አውጣን ለማጥፋት የሚያገለግለው በውጭ ሀገር ፋብሪካዎች የሚመረት ኬሚካል ነበር፤ ዋጋው በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል በመሆኑ በሽታው የጸናባቸው ድሃ ሀገሮች የሚቋቋሙት አልነበረም።

ወጣቱ ተመራማሪ ወደ ዓድዋ ያመሩት በከተማዋ ወንዞች ያሉትን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ነበር። በዚያም አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ባለው የወንዙ ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ በርክተው ይታያሉ። ከላይኛው የወንዙ ክፍል ሕያዋን ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው በእንዶድ አረፋ ሲፈትኗቸው ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። በወንዙ ዳር የሚያልፍ ሁሉ ያንን ሲያይ ኖሯል፤ አጣቢዎቹንና ቀንድ አውጣዎቹን አያይዞ የጠየቀ ተመራማሪ ግን እስከዚያ ድረስ አልነበረም።

ከዓድዋ መልስ ጥያቄው ወደ ኬሚስትሪ ዞረ። ገዳዩ ንጥረ ነገር ምንድን ነው? እንዶድ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባሉ ውህዶች ስላሉት ነው። ፕሮፌሰር አክሊሉ በካሊፎርኒያ ከሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኬሚስቶች ጋር በመተባበር ውህዱ ተነጥሎ እንዲጠና አደረጉ፤ የተገኘውም ንጥረ ነገር በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። ከዚህ ምርምር የተገኘ አንድ እውነት በተለይ ሊነገር ይገባዋል። ባልተወቀጠው ፍሬ ውስጥ ሳፖኒኖቹ በአብዛኛው ቀንድ አውጣ በማይገድል መልክ የተቀመጡ ናቸው። ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ሲነካው በራሱ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ሥራ ይጀምሩና ከሳፖኒኑ ጋር የተያያዘውን የስኳር ክፍል በከፊል ይቆርጡታል፤ ገዳይ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ሙሉውን ፍሬ በአልኮል ብቻ ለማውጣት የሞከረ ኬሚስት ደካማ ውጤት ሊያገኝ ይችላል። ወቅጦ በውኃ መዘፍዘፍ፣ ማለትም የእናቶች አሠራር፣ በቤተ ሙከራም ትክክለኛው መንገድ ሆኖ ተገኘ።

እ.ኤ.አ. በ1966 ፕሮፌሰር አክሊሉ በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቁመው የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ከኢንስቲትዩቱ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመታት ያህል በዓድዋ የተካሄደው የመስክ ሙከራ ነው። ወንዞቹ በተፈጨ እንዶድ በተከታታይ ሲታከሙ ቆይተው ውጤቱ ሲለካ፣ በሕፃናት ላይ የሚታየው የቢልሃርዝያ ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወርዶ ተገኘ። የሕፃናቱ ቁጥር የሚመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለ ትል ለዓመታት ሊኖር ስለሚችል፣ አዲስ የመያዝ አደጋ መቀነሱን የሚያሳየው ከቁጥጥሩ ወዲህ የተወለዱት ወይም ያደጉት ሕፃናት ሁኔታ ነው።

በዚህ ሥራ የዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ድርሻ ከፍ ያለ ነው። ከልዩ ልዩ የሀገሪቱ ክፍሎች የእንዶድ ዓይነቶችን አሰባስበው፣ አብቅለውና አወዳድረው፣ ቀንድ አውጣን በመግደል ኃይሉም በምርቱም የላቀውን ዓይነት 44 የተባለውን መርጠዋል። ያለዚህ የግብርና ሥራ የቤተ ሙከራው ግኝት ለገበሬ ማሳ አይበቃም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ምዕራፍ፣ በአስተዳደር ሥራ ላይ ላለ ሰው፣ ከግኝቱ ባልተናነሰ የሚያሳስብ ነው። እንዶድ በስፋት ሥራ ላይ እንዲውል የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ይሁንታና ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። ድርጅቶቹ በበኩላቸው የመርዛማነት ምርመራው በተፈቀደላቸው ቤተ ሙከራዎች ተደግሞ እንዲቀርብ ጠየቁ፤ እነዚያ ቤተ ሙከራዎች ያሉት በበለጸጉት ሀገሮች ሲሆን ወጪያቸውም ከባድ ነበር። በወንዝ ላይ የሚጨመር ማናቸውም ነገር ለሰውና ለእንስሳት ያለው ደኅንነት እንዲረጋገጥ መጠየቁ ተገቢ ነው። በእርግጥም እንዶድ ዓሣን ይጎዳል፤ በሌላ በኩል በውኃ ውስጥ ቶሎ ስለሚበሰብስ ለረጅም ጊዜ አይቆይም። አስቸጋሪው ነገር በኢትዮጵያ የተገኘው ማስረጃ በቂ ተደርጎ አለመቆጠሩና አዲሱን ምርመራ ማን ይክፈል ለሚለው ጥያቄ መልስ መጥፋቱ ነበር። ኬሚካል የሚያመርት ኩባንያ በአጥር ሥር ለሚበቅል ተክል ምርመራ ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት አልነበረውም። በዚህ መካከል ዓመታት አለፉ።

ፕሮፌሰር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1976 ከሀገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ልዩ ልዩ ክፍሎች ሠሩ፤ በጣሊያን ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከልም አገልግለዋል። የእንዶድን ጉዳይ ግን አልተዉትም። እ.ኤ.አ. በ1986 በዛምቢያ ሉሳካ ስለ እንዶድ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ጉባኤ ተካሄደ፤ የጉባኤውን ጥናቶች ለኅትመት ካዘጋጁት መካከል ከፕሮፌሰር አክሊሉ ጋር የስዋዚላንዷ ኬሚስት ሊዲያ ማኩቡ ይገኙበታል። የተጠየቀው የደኅንነት ምርመራም በመጨረሻ በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ተከናወነ። እ.ኤ.አ. በ1989 ፕሮፌሰር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ አማራጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ግኝቱ ከተገኘ 25 ዓመታት አልፈው ነበር።

በዚያው ሰሞን ሌላ ጉዳይ ተነሣ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዜብራ መስል የተባለ ባለ ቅርፊት የውኃ እንስሳ ተራብቶ የውኃ መስመሮችን ይደፍን ጀመር። በኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ለፕሮፌሰር አክሊሉ የክብር ዶክትሬት በሰጠበት አጋጣሚ እንዶድ በዚህ እንስሳ ላይ ተሞክሮ እንደሚገድለው ታየ። በዚህ አጠቃቀም ላይ በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ሲመዘገብ ፕሮፌሰር አክሊሉም ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ሰፍረዋል። እንዶድን አብቅለውና ጠብቀው ያቆዩት የኢትዮጵያ ማኅበረሰቦች ግን በሰነዱ ላይ ቦታ አልነበራቸውም። ጉዳዩ እስከ ዛሬ ስለ ባህላዊ ዕውቀት ባለቤትነት በሚደረግ ክርክር እንደ ምሳሌ ይነሣል። በአሁኑ ወቅት በሀገራችን ይህን መስክ የሚገዛው የጄኔቲክ ሀብትና የኅብረተሰብ ዕውቀት አርክቦትና የኅብረተሰብ መብት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ሲሆን፣ በዕፀዋት ላይ ለመመራመር ወይም ናሙና ከሀገር ለማውጣት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ከሚመለከተው የብዝኃ ሕይወት ተቋም ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል።

ይህን ገጽ የሚያነቡ አንዳንድ ተገልጋዮች እንዶድ መድኃኒት እንደሆነ ሊያስቡ ስለሚችሉ አንድ ነገር ማሳሰብ ያስፈልጋል። የፕሮፌሰር አክሊሉ ምርምር በውኃ ውስጥ ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ስለማጥፋት እንጂ በሰው ሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ስለማከም አይደለም፤ እንዶድን መጠጣት ለጤና አደገኛ ነው። ቢልሃርዝያ የሚታከመው ፕራዚኳንቴል በተባለ መድኃኒት ነው። የሆድ ሕመም፣ ደም የተቀላቀለበት ሰገራ ወይም ሽንት የሚታይበት፣ በተለይም በወንዝና በሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር ይገባዋል።

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1997 በ61 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ያቋቋሙት ተቋም በስማቸው ተሰይሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተመራማሪዎችን ማፍራቱን ቀጥሏል።