ገዝቶ መደርደር፣ ገልጦ ማንበብ፦ የሳሙኤል ፒፕስ ሕይወት

ስለ ሌላ ሰው ሕይወት ከማውጋቴ በፊት የራሴን ገመና ላስቀድም። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ እናቴ ከዕቁቧ እየቀነሰች ከምትልክልኝ ገንዘብ ላይ ቆጥቤ፣ መንገድ ዳር ሸራ አንጥፈው ከሚሸጡ ልጆች አሮጌ መጽሐፍ መግዛት ለመድኩ። የገዛሁትን ቦርሳ ውስጥ አልከትም፤ ርዕሱ ወደ ውጭ እንዲታይ አድርጌ ይዤው፣ በካፌው በኩል ዞሬ ነው ዶርም የምገባው። ከዚያ ሎከሬ አናት ላይ እደረድራለሁ። ወፈር ወፈር ያሉት ከፊት፣ ቀጫጭኖቹ ከኋላ። የዶርሜ ልጆች ፕሮፌሰር ይሉኝ ጀመር፤ ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ። አንድ ቀን ታዲያ ከእኔ በታች የሚተኛው ልጅ አንዱን አንስቶ ሲያገላብጥ ገጽ 14 ላይ ያጠፍኩትን ምልክት አገኘ። ሁለተኛውን አነሳ፤ ምልክቱ ገጽ 9 ላይ ነው። ሦስተኛው ገጽ 17። አንድም ቃል ሳይናገር መልሶ እንደነበሩ ደረደረልኝ። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ነው ላይብረሪ ገብቼ ስለ ሳሙኤል ፒፕስ ማንበብ የጀመርኩት። ፒፕስን ብዙዎቻችን የምናውቀው የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ለንደን ቁልጭ አድርጎ ባስቀረበት የዕለት ማስታወሻው ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰውዬው መጽሐፍ ገዝቶ ማሳየት ይወድ ነበር፤ የሚገርመው ደግሞ ይህንኑ በራሱ ላይ መስክሮ መጻፉ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።)

ፒፕስ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1633 ለንደን ውስጥ ተወለደ። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበር። ቤተሰቡ ሀብታም ባይሆንም ልጁ ጎበዝ ተማሪ ስለነበረ በ1651 ካምብሪጅ፣ ማግደሊን ኮሌጅ ገባ፤ በ1654ም ዲግሪውን ያዘ። በቀጣዩ ዓመት ዕድሜዋ ገና 15 ገደማ የነበረችውን ኤልሳቤጥን አገባ። በ1658 የፊኛ ጠጠር አሠቃይቶት ማደንዘዣ በሌለበት ዘመን በስለት ተቀዶ ወጣለት፤ ዳነም። ጠጠሩን ግን አልጣለውም። ማኅደር አሠርቶለት ለሰው ያሳየው ነበር። እንግዲህ የማሳየት አመሉ በመጽሐፍ አልጀመረም ማለት ነው።

በ1660 ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ ወደ ዙፋኑ ሲመለስ፣ ኤድዋርድ ሞንታጉ የሚባል ባለሥልጣን ዘመዱ ፒፕስን በባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት አስቀጠረው። ደመወዙ በዓመት 350 ፓውንድ ነበር። ለልብስ ሰፊ ልጅ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ታዲያ የካምብሪጁ ምሩቅ የማባዣ ሰንጠረዥ እንኳ አያውቅም ነበር! በ1662 የመርከብ ሥራ የሚያውቅ ሰው ቀጥሮ፣ ሌሊት እየተነሳ እንደ ሕፃን ማባዛት ተማረ። እንጨት፣ ገመድና ሸራ የሚያቀርቡ ነጋዴዎች እንዳያታልሉት ሒሳቡን ራሱ ማወቅ ነበረበት። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ማስታወሻውን የጀመረው ጃንዋሪ 1 ቀን 1660 ነው። የጻፈውም በሾርትሃንድ ነበር። የበላውን፣ የጠጣውን፣ ከሚስቱ ጋር የተጣላበትን፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር የባለገውን፣ የተቀበለውን ጉቦ ሳይቀር አሰፈረ። የገዛውን መጽሐፍም እንዲሁ።

የሁዲብራስ ነገር ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ሁዲብራስ የሳሙኤል በትለር የስላቅ ግጥም ሲሆን ያን ጊዜ ለንደንን ያናወጠ መጽሐፍ ነበር። ፒፕስ በዲሴምበር 1662 በሁለት ሺሊንግ ከስድስት ፔኒ ገዛው። ገለጥ ገለጥ ቢያደርገው ምኑም አልጣመው፤ እዚያው ቀን በአንድ ሺሊንግ ከስድስት ፔኒ ለሌላ ሰው ሸጠው። አንድ ሺሊንግ ከሰረ። ነገር ግን በየሄደበት ሰው ሁሉ መጽሐፉን ያደንቃል። ስለዚህ በፌብሩዋሪ 1663 እንደገና ገዛው፤ ዓለም የወደደውን የጠላሁ ጥፋቱ ከእኔ ይሆናል ብሎ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ወደ መጽሐፍ ሻጩ ሄዶ ቾሰርንም ሼክስፒርንም ሲያማርጥ ቆየና፣ ይዟቸው ከወጣው መካከል ሁለቱም የሁዲብራስ ክፍሎች ነበሩበት። ያኔም ቢሆን ቀልዱ የቱ ጋ እንዳለ እንዳልገባው በማስታወሻው አምኗል። አሁን እኛ ፋሽን ነው ሲባል ሰምተን የገዛነውን፣ አንብበን ሳይገባን ጥሩ ነው ያልነውን መጽሐፍ እንቁጠር ብንል ስንት ይሆን?

ገንዘቡ በጨመረ ቁጥር ፒፕስ ለመጻሕፍቱ መልክ መጨነቅ ጀመረ። በ1665 መጀመሪያ የንባብ ክፍሉ አንድ ዓይነት ገጽታ እንዲኖረው ብዙ አሮጌ መጻሕፍቱን እንደ አዲስ አስጠረዘ። በ1666 ክረምት መጻሕፍቱ በዝተው ወንበር ላይ ተከምረው ነበር። አንዱን ለማንበብ ሌላውን ማንሳቱ እያሰለቸው ሳያነባቸው እንደሚቀር ስላየ፣ ሲምፕሰን የተባለ የመርከብ ማደሻ አናጢ ጠርቶ በመስተዋት የሚዘጉ ቁም ሳጥኖች አሠራ። የመጻሕፍቱን ጀርባም በወርቅ ቀለም አስጌጠ። ልብ በሉ፣ የቁም ሳጥኑ ምክንያት ንባብ ነበር፤ መስተዋቱና ወርቁ ግን ለዓይን ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ።

ሴፕቴምበር 1666 ለንደን ተቃጠለች። በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ዙሪያ የነበሩ መጽሐፍ ሻጮች ዕቃቸውን ከካቴድራሉ ሥር ባለው ምድር ቤት አስገብተው ነበር፤ እሳቱ እዚያም ደረሰ፣ ሁሉም ዓመድ ሆነ። የፒፕስ ደንበኛ የነበረው መጽሐፍ ሻጭ ጆሹዋ ከርተን ያለውን ሁሉ አጥቶ በዓመቱ ሞተ። መጽሐፍ ተወደደ። ፒፕስ ግን በ1667 ፖል ራይኮት ስለ ቱርክ መንግሥት የጻፈውን መጽሐፍ በ55 ሺሊንግ ገዛ። ያንን ያህል ያወጣው ሥዕሎቹ ቀለም የተቀቡባቸው ቅጂዎች ስድስት ብቻ ስለነበሩና ከእነርሱም አንዱ ንጉሡ ዘንድ ስለነበረ ነው። ንጉሥ ያለው እኔም አለኝ ለማለት!

ይህን ሁሉ ሳነብ መጀመሪያ ፈረድኩበት። ኋላ ግን ሌላውን ገጽ አገኘሁ። ፒፕስ ያነብ ነበር። በጃንዋሪ 1665 ሮበርት ሁክ በማጉያ መነጽር ያያቸውን ነገሮች የጻፈበትን ማይክሮግራፊያ ይዞ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ሲያነብ አምሽቷል። ለሥራ ወደ መርከብ ማደሻዎቹ በእግሩ ሲሄድ መንገድ ላይ እያነበበ ይሄድ ነበር። ማታ ደግሞ ሚስቱ ወይም የቤቱ ልጅ ያነቡለታል። ከሁሉ ያሳቀኝ የ1668ቱ ነገር ነው። ስለ ወንድና ሴት ጉዳይ ያለ ሐፍረት የሚያወራ አንድ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ገዛ። ሆን ብሎ ተራ ጥራዝ ያለውን መረጠ፤ ምክንያቱም አንብቦ ሲጨርስ ሊያቃጥለው፣ በመጻሕፍቱ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ እንዳያዋርደው አስቦ ነበር። አነበበው፣ አቃጠለውም። እንግዲህ ፍረዱ፦ ያልጣመውን ሁዲብራስን ደርድሮ ያሳያል፤ ሳያቋርጥ ያነበበውን እሳት ውስጥ ይከተዋል። መደርደሪያ የሰውን ንባብ አይናገርም ያልኩት ያኔ ነው። መደርደሪያ የሚናገረው ሰው እንዲታይለት የሚፈልገውን ነው።

ከዚያ ዓይኑ ታመመ። በሻማ ብርሃን ሲጽፍና ሲያነብ ስለኖረ ይመስለዋል፣ ዓይኑ እያቃጠለው ያለቅስበት ጀመር። በወረቀት ቱቦ እያየ ለማንበብ እንኳ ሞከረ። እታወራለሁ ብሎ ፈርቶ ሜይ 31 ቀን 1669 ማስታወሻውን ለዘለዓለም ዘጋ። መስተዋት የተገጠመለት ቁም ሳጥን፣ ጀርባቸው በወርቅ ያሸበረቀ መጻሕፍት፣ የሚያነባቸው ዓይን ግን ሊጠፋ ነው። እዚህ ላይ ስደርስ በሰውዬው መሳቄን ተውኩ። ደግነቱ ዓይነ ስውር አልሆነም። ሚስቱ ኤልሳቤጥ ግን በዚያው ዓመት ኖቬምበር በ29 ዓመቷ ሞተችበት።

ከዚያ በኋላ በ1673 የባሕር ኃይሉ ዋና ጸሐፊ ሆነ፤ በ1679 ደግሞ በሐሰት ተከስሶ ታወር በሚባለው እስር ቤት ታሠረ፤ ተፈታ፣ ወደ ሥልጣኑም ተመለሰ። ከ1684 እስከ 1686 የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ነበር። በዚህም የተነሳ በ1687 የታተመው የአይዛክ ኒውተን ፕሪንሲፒያ የፊት ገጽ ላይ የፒፕስ ስም አለ። ለሒሳብ ከማባዣ ሰንጠረዥ የተነሳው ሰው ስም በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ በሚከብደው የሒሳብ መጽሐፍ ላይ! ስሙን እዚያ ያወጣው ሹመቱ እንጂ ንባቡ አይደለም። ማባዣውን ግን ራሱ ተምሮታል። አያይዙልኝ ያልኳችሁ ይህን ነው፦ ማንም የማያይለትን፣ የሚያስፈልገውን ነገር ሌሊት ተነስቶ የተማረውም፣ ለታይታ የገዛውም ያው አንዱ ፒፕስ ነው።

በ1689 ንጉሥ ጄምስ ሁለተኛ ከአገር ሸሽቶ መንግሥት ሲለወጥ ሥራውን አጣ። የቀረውን ዕድሜውን ለመጻሕፍቱ ሰጠ። ቁጥራቸውን 3000 ላይ ወሰነ። ከትንሹ ጀምሮ እስከ ትልቁ በቁመታቸው ደረደራቸው፤ አጠር ያለው ከጎረቤቱ እኩል እንዲሆን ከሥሩ በቆዳ የተለበጠ ትንሽ እንጨት አደረገለት። የሚናቅ ነገርም አልጣለም፤ ሰው አንብቦ የሚጥላቸውን ተራ የጎዳና ዘፈን ወረቀቶች ከ1700 በላይ ሰብስቦ አስጠረዘ። ሜይ 26 ቀን 1703 ሲሞት በኑዛዜው መጻሕፍቱ ለእህቱ ልጅ ለጆን ጃክሰን፣ ከእርሱ በኋላ ደግሞ ለካምብሪጅ እንዲተላለፉ፣ አንድም እንዳይጨመር አንድም እንዳይቀነስ አዘዘ። ማግደሊን ኮሌጅ ይህን ካፈረሰ ጎረቤቱ ትሪኒቲ ኮሌጅ ይውሰዳቸው አለ። በ1724 ከ12 ቁም ሳጥኖቻቸው ጋር ማግደሊን ገቡ፤ ዛሬም እዚያው ናቸው።

ከ3000ዎቹ መካከል የራሱ ማስታወሻ ስድስት ጥራዞች ነበሩ። በሾርትሃንድ ስለተጻፉ መቶ ዓመት ገደማ ማንም ሳያነባቸው ከመስተዋቱ ኋላ ቆሙ። በ1819 ጆን ስሚዝ የሚባል ድሃ የካምብሪጅ ተማሪ እንዲፈታቸው ተቀጠረ። ሦስት ዓመት ያህል ለፍቶ፣ 54 ደብተር ሞልቶ ጨረሰ። ተመርጦ የወጣው ክፍል በ1825 ታተመና ፒፕስ ዛሬ የምናውቀው ፒፕስ ሆነ። የሚያንገበግበው ግን ይህ ነው፦ ፒፕስ የጻፈበትን ሾርትሃንድ የሚያስተምረው የቶማስ ሼልተን መጽሐፍ እዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር። መቆለፊያውና ቁልፉ አንድ ክፍል ውስጥ ተደርድረው፣ ስሚዝ ሳያውቅ ሦስት ዓመት ደከመ። መጽሐፍን መጠበቅ የሚችል ሰው ጠብቆታል፤ ገልጦ ያየ ግን አልነበረም።

ይህን አንብቤ በጨረስኩ ሰሞን ለእረፍት ቤት ሄድኩ። መጻሕፍቴን ይዤ ነበር የሄድኩት፣ ለማሳየት መሆኑን አልደብቅም። እናቴ ማንበብ አትችልም። ሳሎን ባለው ቡፌ ላይ ደረደረቻቸው፣ በየጠዋቱ አቧራቸውን ትጠርጋለች፣ ቡና ለመጠጣት ለሚመጡ ጎረቤቶችም የልጄ ናቸው እያለች ታሳያለች። አንድ ማታ ያንን ገጽ 14 ላይ የቀረሁበትን ወፍራም ልብ ወለድ አውርዳ፣ ምን እንደሚል እንድነግራት ጠየቀችኝ። እስከ ገጽ 14 ያለውን ነገርኳት። ከዚያ በኋላ ያለውን ፈጠርኩ። ባለታሪኳን አገር አሻግሬ፣ አሽሬ፣ ድል ባለ ሠርግ ዳርኳት። እናቴ እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰማችኝ።

ወደ ግቢ ስመለስ መጽሐፉን ጨረስኩት። በሚቀጥለው እረፍት ራሴ አንስቼ በትክክል ነገርኳት። ሴትዮዋ አትዳርም፤ ትሞታለች። እናቴ ዝም ብላ ቆየችና፣ ባለፈው ያገባችው ታዲያ የትኛዋ ናት ብላ ጠየቀችኝ። አልረሳችም። እውነቱን ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ብቻ መጽሐፉን ቡፌው ላይ ወደ አንድ ጥግ ለብቻው አደረገችው። ያነበብኩት ከሚቀመጥበት በኩል መሆኑ ነው።

አሁንም አዲስ መጽሐፍ ስገዛ በካፌው በኩል ዞሬ ነው የምገባው፤ አመል ነውና። ግን እቤት ያለው ጥግ ላይ እስካሁን የደረሱት ሰባት ናቸው። እናቴ ቆጥራ ታውቃቸዋለች።