ኤልሳቤጥ ዳንከን ኩንትስ

ኤልሳቤጥ ዳንከን ኩንትስ (ጁን 3 ቀን 1919 – ጃንዋሪ 6 ቀን 1989 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊት መምህርት ሲሆኑ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የትምህርት ማኅበር የመጀመሪያዋ ጥቁር ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኩንትስ በሰሜን ካሮላይና ክፍለ ግዛት፣ በሶልዝበሪ ከተማ፣ ከመምህራን ቤተሰብ ተወለዱ። ከሰባት ልጆች የመጨረሻዋ ነበሩ። በ1938 ከሊቪንግስተን ኮሌጅ፣ በ1941 ደግሞ በማስተርስ ዲግሪ ከአትላንታ ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ። በደን ከተማ ሲያስተምሩ፣ መምህራን ለማደሪያቸው የሚከፍሉት ገንዘብ በዝቷል ብለው ባልደረቦቻቸውን ስላስተባበሩ በ1940 ከሥራ ተባረሩ። በኋላ ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመልሰው ለብዙ ዓመታት ትምህርት የሚከብዳቸውን ልጆች አስተማሩ።

በዚያ ዘመን በደቡባዊ ክፍለ ግዛቶች ተማሪዎች ብቻ ሳይሆኑ የመምህራን ማኅበራትም በዘር የተለያዩ ነበሩ። ጥቁር መምህራን በ1904 የተመሠረተ የራሳቸው አገር አቀፍ ማኅበር ነበራቸው። ብሔራዊው ማኅበር በ1964 በሲያትል ባደረገው ጉባኤ በዘር የተለያዩት ቅርንጫፎቹ እንዲዋሐዱ ወሰነ፤ በ1966 ደግሞ ሁለቱ አገር አቀፍ ማኅበራት አንድ ሆኑ። ውሕደቱ ግን ያለ ሥጋት አልነበረም። ትምህርት ቤቶች ሲቀላቀሉ በደቡብ ብዙ ጥቁር መምህራንና ርእሳነ መምህራን ሥራቸውን አጥተው ነበርና፣ በማኅበሩም ድምፃቸው እንዳይዋጥ ይፈሩ ነበር።

ኩንትስ በ1965 የማኅበሩ የክፍል መምህራን ዘርፍ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ይህን ቦታ በመያዝም የመጀመሪያዋ ጥቁር ነበሩ። በጁላይ 1968 የማኅበሩን ጠቅላላ አመራር ሲረከቡ፣ አባላቱ አንድ ሚሊዮን ያህል ነበሩ። በእርሳቸው አስተሳሰብ፣ መምህራን በዘር ተከፋፍለው ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ዋስትና በብርቱ ሊደራደሩ አይችሉም ነበር። በሰሜን ካሮላይና የነጮችና የጥቁሮች ማኅበራት የተዋሐዱት በ1970 ነው።

በ1969 ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን የሠራተኛ ሚኒስቴር የሴቶች ቢሮ ኃላፊ አድርገው ስለሾሟቸው የማኅበሩን ሥልጣን ለቀቁ። ቢሮውም በእርሳቸው ጊዜ የሴቶችን እኩልነት በሕገ መንግሥት ለማጽደቅ የቀረበውን ማሻሻያ መቃወሙን ትቶ ደጋፊ ሆነ። በኋላ በሰሜን ካሮላይና የትምህርት መሥሪያ ቤት እስከ 1982 ሠርተው ጡረታ ወጡ። ያረፉት በሶልዝበሪ በ69 ዓመታቸው ነው።