የዮኮሃማው ሸክላ ሠሪ ሚያጋዋ ኮዛን

ሚያጋዋ ኮዛን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1842 ዓ.ም. በኪዮቶ ከተማ ከሸክላ ሠሪዎች ቤተሰብ ተወለደ (ቀጥሎ ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ በ1860 ሲሞት የቤቱን እቶን ገና በወጣትነቱ ተረከበ። በ1868 የሜይጂ መንግሥት ተመሥርቶ የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ ወደ ቶኪዮ ሲዛወር የኪዮቶ ጥበበኞች ዋነኞቹን ደንበኞቻቸውን አጡ። ኮዛን ግን ገዢው ወዳለበት ወደ ዮኮሃማ ወደብ ሄዶ በ1871 ሥራ ጀመረ። አካባቢው የሸክላ አገር ስላልነበረ ተስማሚ አፈር ፍለጋ ብዙ ደክሟል።

በዚያን ጊዜ አውሮፓውያንና አሜሪካውያን የሚሻሙት በወርቅ ያጌጠውን የሳትሱማ ዓይነት ሸክላ ነበር። እርሱም በመጀመሪያ ይህንኑ ሠራ። ይሁን እንጂ ከወጪው መክበድ ሌላ የአገሩ ወርቅ በዕቃ ላይ ተለብጦ ባሕር መሻገሩ ከነከነው። ስለዚህ የወርቁን ቦታ በአፈሩ በራሱ ሞላው፤ ወፉን፣ ድቡን፣ ሸርጣኑን እየቀረጸ በማሰሮው ገላ ላይ ይለጥፍ ጀመር። ይህ እንደሚወራው ቀላል አይደለም። ሸክላ ሲደርቅና ሲተኮስ ይኮማተራል፤ ቅርጹና ገላው እኩል ካልተኮማተሩ ዕቃው ይሰነጠቃል፤ የብዙ ጊዜ ድካምም በእቶን ውስጥ ይቀራል። የእንስሳቱን መልክ ለማጥናት ጭልፊትና ድብ በግቢው ያኖር ነበር ይባላል። በ1876 በፊላደልፊያው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተሸለመ፤ በ1881 ደግሞ ሸርጣኖች በጠርዙ ላይ የተጣበቁበትን ዝነኛውን ባለ እግር ጎድጓዳ ሳሕን ሠራ።

ሌላው ቢሆን በዚህ ይረካ ነበር። ኮዛን ግን ዕድሜው አርባ ሲሆን የገበያውን ሥራ ለወራሹ ለሃንዛን ትቶ፣ በፖርሲሊን ላይ ከሚያብረቀርቀው ቅባት ሥር ቀለም የመቀባትን ጥበብ መመርመር ያዘ። የእቶኑን ብርቱ ሙቀት ችሎ መልኩን የማይለቅ ቀለም ጥቂት ነው፤ ስለሆነም የቻይናን የቺንግ ዘመን አሠራር ከምዕራባውያን ኬሚስትሪ ጋር አጣምሮ ደጋግሞ ሞከረ። እውነቱን ለመናገር፣ ከእነዚያ ወፍና ሸርጣን ከተሸከሙት ዕቃዎች ይልቅ እነዚህ ጸጥ ያሉ ማሰሮዎች ይልቃሉ።

በ1896 የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ጥበበኛ ተብሎ ተሾመ፤ በ1916 አረፈ። እቶኑን ወራሾቹ ቢይዙትም ግንቦት 29 ቀን 1945 ዮኮሃማ በአውሮፕላን ስትደበደብ ሥራ ቤቱ ጠፋ፤ ሦስተኛው ባለቤትም በዚያው ሞተ። አብዛኛው ሥራ አስቀድሞ ለውጭ አገር በመሸጡ ተርፏል፤ ባለ ሸርጣኑ ሳሕን ግን በቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጦ ይገኛል።