ድምፅን በብርሃን ስለ ላከው ስለ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል

የአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ስም በተጠራ ጊዜ ሁሉ በሰው ሐሳብ ፈጥኖ የሚመጣው ቴሌፎን ነው። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ ስለ እርሱ ከዚህ በቀር የማውቀው አልነበረም። በፊዚክስ ክፍል ስለ ብርሃን ስንማር ግን፣ ይህ ሰው ከሥራዎቹ ሁሉ አብልጦ ይወደው የነበረው ቴሌፎኑን ሳይሆን በዘመኑ ብዙም ያልጠቀመውን ሌላ መሣሪያ እንደ ነበረ ሰማሁ። ነገሩ ስላስገረመኝ የሕይወቱን ታሪክ ፈልጌ አነበብሁ፤ ያገኘሁትንም ለመጽሔታችን አንባቢዎች ላካፍል አሰብሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቤል ማርች 3 ቀን 1847 በስኮትላንድ በኤድንብራ ከተማ ተወለደ። አባቱ የንግግር መምህር ነበሩ። እናቱ ጆሯቸው እየደከመ ስለ ሄደ፣ ልጃቸው አፉን ወደ ግንባራቸው አስጠግቶ በዝግታ እየተናገረ ያጫውታቸው ነበር። ሁለቱ ወንድሞቹ በሳንባ ነቀርሳ ተከታትለው በሞቱ ጊዜ፣ ወላጆቹ የቀረላቸውን አንድ ልጅ ለማዳን ሲሉ በ1870 አገራቸውን ትተው ወደ ካናዳ ተሻገሩ። በዓመቱ ቤል ወደ ቦስተን ሄዶ መስማት የተሳናቸውን ልጆች የሚያስተምሩ መምህራንን ማሠልጠን ጀመረ። በ1877 ያገባት ሜብል ሐበርድም በሕፃንነቷ በያዛት በሽታ ጆሮዋን ያጣች ተማሪው ነበረች።

በዚህ ሥራው ግን ሁሉም ሰው አያመሰግነውም። ልጆቹ ከንፈር እያዩ እንዲረዱና በአፋቸው እንዲናገሩ እንጂ በምልክት ቋንቋ እንዲማሩ አይወድም ነበርና፣ ብዙ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ዛሬም ስሙን በቅሬታ ያነሡታል። ለእኔም ቅሬታቸው ተገቢ ይመስለኛል።

የቴሌፎኑን ታሪክ ብዙዎቻችን ስለምናውቀው አላረዝመውም። በ1876 የፈጠራ መብቱን አገኘ፤ ማመልከቻው በገባበት ዕለት ኤሊሻ ግሬይ የተባለ ሰውም ተመሳሳይ ሐሳብ አቅርቦ ስለ ነበረ፣ ክርክሩ ብዙ ዘመን ቆየ።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ነገር ልመለስ። በ1873 ዊሎቢ ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ፣ ሴሌኒየም የሚባለው ንጥረ ነገር ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክን በቀላሉ እንደሚያሳልፍ፣ በጨለማ ግን አጥብቆ እንደሚከለክል አስታወቀ። ቤል ይህን በሰማ ጊዜ፣ የብርሃኑን መጠን እንደ ድምፅ ከፍና ዝቅ ማድረግ ቢቻል፣ ሰው ያለ ሽቦ በብርሃን ሊነጋገር ነው ብሎ አሰበ። በ1880 ከረዳቱ ከቻርልስ ሰምነር ቴይንተር ጋር ሆኖ በዋሽንግተን ከተማ ፎቶፎን ብሎ የሰየመውን መሣሪያ ሠራ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተሰብስቦ የመጣ የፀሐይ ጨረር እጅግ በሳሳ መስተዋት ላይ ያርፋል። ተናጋሪው ከመስተዋቱ ጀርባ ሲናገር፣ መስተዋቱ በድምፁ ተገፍቶ አንዴ ወደ ውጭ ይነፋል፣ አንዴ ወደ ውስጥ ይሰረጕዳል፤ ስለዚህም የሚንጸባረቀው ጨረር አንዴ ይበተናል፣ አንዴ ይሰበሰባል። በወዲያኛው ጫፍ ጐድጓዳ መስተዋት ጨረሩን ለቅሞ ለሴሌኒየሙ ያቀብለዋል። ሴሌኒየሙ ከባትሪና ከቴሌፎን ማዳመጫ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ የብርሃኑ መብዛትና ማነስ ተመልሶ ድምፅ ይሆናል። ቴይንተር ከፍራንክሊን ትምህርት ቤት ጣራ ላይ ሆኖ፣ ከሰማው በመስኮት ባርኔጣውን እንዲያውለበልብለት ጠየቀው፤ ቤልም 213 ሜትር ርቆ ካለው ላቦራቶሪ አውለበለበለት። በመካከላቸው አንድም ሽቦ አልነበረም።

በዚህ የተነሣ ደስታው ከልክ አለፈ። በዚያው ዓመት የተወለደችውን ሁለተኛ ሴት ልጁን ፎቶፎን ብሎ ሊሰይማት ፈልጎ ነበር፤ ሚስቱ እምቢ ስላለች ልጅቱ ሜሪያን ተባለች። ሚስቱን እግዚአብሔር ይስጣት!

እኔና ሁለት ጓደኞቼ ይህንኑ በግቢያችን ሞከርነው። የጣሳ ሁለቱን ጫፍ ከፍተን በአንዱ ላይ ፊኛ ወጠርን፤ በፊኛው ላይም ስስ የመስተዋት ቁራጭ ለጠፍን። ለመቀበያ ከተበላሸ የፀሐይ መብራት የወጣ ትንሽ ሰሌዳ ከድምፅ ማጉያ ጋር አያያዝን። በሃያ ርምጃ ርቀት የጓደኛዬ ድምፅ ሻካራ ቢሆንም ስሜን ሲጠራ ለየሁት። ገና ሳንጨበጭብ ደመና ፀሐይዋን ሸፈናትና ድምፁ ጠፋ። መምህራችን ስቀው፣ ቤልንም ያቸገረው ይኸው ነው አሉን።

እውነትም ሐሳቡ ምንም አልጐደለውም ነበር፤ የጐደለው መንገድ ነው። በአየር ላይ የሚሄድን ጨረር ጭጋግ፣ ዝናብና አቧራ ያጠፉታል። ብርሃን የሚሄድበት ቧንቧ ግን እንዲያው ያልታሰበ ነገር አልነበረም። ዳንኤል ኮላደን የተባለ የጄኔቫ ሊቅ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ብርሃን ከሚፈስ ውሃ ሳይወጣ ከውሃው ጋር አብሮ ሲጐብጥ አሳይቶ ነበር። ብርሃን ከውሃው ወይም ከመስተዋቱ ዳር በአግድም ሲደርስ ሾልኮ አይወጣም፤ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይነጥራል። ነገር ግን የዚያ ዘመን መስተዋት ለዓይን ጥሩ ቢመስልም፣ በረጅም መንገድ ላይ ብርሃኑን ውጦ ያስቀር ነበር።

ቤል ከሞተ ከ44 ዓመት በኋላ፣ በ1966፣ ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆካም በእንግሊዝ አገር ሲሠሩ ብርሃኑን የሚውጠው በመስተዋቱ ውስጥ የተደባለቀው ባዕድ ነገር መሆኑን አስረዱ። አንድ ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ከመቶ አንድ እጅ ብርሃን የሚተርፍበት ክር ከተገኘ ለመነጋገሪያ ይበቃል አሉ። በ1970 የኮርኒንግ ኩባንያ ተመራማሪዎች ከዚያ የተሻለ ክር ሠሩ። ዛሬ ግን ያ ከመቶ አንድ እጅ የሚተርፈው ከ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ነው። በፀሐይ ፋንታ ሌዘር፣ በሴሌኒየም ፋንታ ፎቶዳዮድ የሚባል ጥቃቅን መቀበያ ገባ። ብርሃኑ በልዩ ልዩ መንገድ እየነጠረ ምልክቱ እንዳይደበዝዝም፣ የሩቅ አገር ክር ልቡ ከሚሊሜትር መቶኛ እጅ እንዲያንስ ተደረገ።

ያም ሆኖ ባሕር ለመሻገር 100 ኪሎ ሜትር ምንም አይደለም። በ1988 አትላንቲክን ያቋረጠው የመጀመሪያው የመስተዋት ክር ገመድ፣ የደከመውን ብርሃን በየመንገዱ ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ፣ አበርትቶ፣ እንደገና ብርሃን እያደረገ ይልክ ነበር። ይህ ብዙ ዕቃ የሚጠይቅ አሠራር ነው። በ1987 ግን ኤርቢየም የተባለ ንጥረ ነገር የተቀላቀለበት ክር በሌላ ሌዘር ሲመገብ፣ የሚያልፈውን ብርሃን እዚያው በብርሃንነቱ እንደሚያጐላው ታይቶ ነበርና፣ በኋላ የተዘረጉት ገመዶች ይህን ያዙ። በአንድ ክር ውስጥ ብዙ ዓይነት ቀለም ያለው ብርሃን እያንዳንዱ የራሱን መልእክት ይዞ ሲያልፍ፣ ይኸው አንድ ማጉያ ሁሉንም በአንድነት ያበረታቸዋል። ከሁሉ እኔን የደነቀኝ ይህ ነው።

ቤል ከዚህ አንዱንም አላየም። ከፎቶፎኑ በኋላ ሐሳቡ ወደ በራሪ መኪናዎችና ወደ ሌላም ሥራ ሄደ። በስተርጅናው ግን ከፈጠራዎቹ ማንኛው እንደሚበልጥ ሲጠየቅ ፎቶፎኑን ከቴሌፎኑ ያስቀድም ነበር፤ የሰሙትም የሽማግሌ ወግ ሳይመስላቸው አልቀረም። ኦገስት 2 ቀን 1922 በካናዳ በኖቫ ስኮሺያ በሚገኘው ቤቱ በ75 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። በተቀበረም ጊዜ በሰሜን አሜሪካ ያለው ቴሌፎን ሁሉ ለአንድ ደቂቃ ዝም አለ።