የወይዘሪት አስቴር ሃውላንድ አጭር የሕይወት ታሪክ

የሰው ልጅ ለወዳጁ ያለውን መልካም ምኞት የሚገልጥበት መንገድ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ በቃል፣ ሌላው በስጦታ ይገልጠዋል። በአገራችን ልጆች ዘንድም ለብዙ ዘመን የተለመደ አንድ መልካም ዘዴ አለ፤ ይኸውም የእንቁጣጣሽ ሥዕል ነው። ወንዶች ልጆች በጳጉሜን ሰሞን ወረቀት ገዝተው አበባውን፣ ወፉን፣ መልአኩንና ፀሐይዋን በቀለም ይሥላሉ፤ በመስከረም 1 ቀን ማለዳም በየቤቱ እየዞሩ ለጎረቤትና ለዘመድ ያበረክታሉ። ሴቶች ልጆችም ዐደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው አበባዬሆሽ ይላሉ። ሥዕሉን የተቀበለው ሰው ለልጁ ጥቂት ገንዘብ ወይም ዳቦ ሰጥቶ ይመርቀዋል። እንግዲህ ይህ በእጅ የተሠራ የመልካም ምኞት ካርድ ካልሆነ ምን ሊባል ይችላል?

ዛሬ ግን እዚህ በሳንሱሲም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር ልጆች ይዘውት የሚዞሩት ወረቀት ብዙውን ጊዜ በማተሚያ መኪና የታተመ ወይም በፎቶ ኮፒ የተባዛ ሆኖአል። ትልልቆቹም ምኞታቸውን በስልክ መልእክት ይልካሉ። በእጅ የሚሠራው ሥዕል ጨርሶ ሳይጠፋ ስለ ጥቅሙ ማሰብ ይገባናል ብዬ ስላመንሁ፣ ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት በወረቀትና በሙጫ ትልቅ ሥራ የሠራችውን የአሜሪካዊቱን የወይዘሪት አስቴር ሃውላንድን ታሪክ መርጫለሁ። በታሪክዋ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አስቴር ሃውላንድ በኦገስት 17 ቀን 1828 ዓ. ም. በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ዉስተር በምትባል ከተማ ተወለደች። አባትዋ መጽሐፍና የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጥ ነጋዴ ስለ ነበር፣ ልጅቱ ከሕፃንነትዋ ጀምራ በወረቀት መካከል አደገች። ዕድሜዋ ሲፈቅድም ማውንት ሆልዮክ ወደሚባለው የሴቶች ትምህርት ቤት ገብታ በ1847 ዓ. ም. ተመረቀች። ይህን ትምህርት ቤት በ1837 ዓ. ም. የከፈተችው ሜሪ ላየን የምትባል መምህርት ነበረች። ሜሪ ላየን የትምህርቱን ክፍያ ዝቅ ለማድረግ ስትል ምግብ ማብሰሉንና ቤት ማጽዳቱን ለተማሪዎቹ አከፋፍላ ታሠራቸው ነበር። አንዲቱ ዳቦ ስትጋግር ሌላይቱ ሳሕን ታጥባለች፤ እያንዳንድዋም የተመደበላትን በሰዓቱ ትፈጽማለች። አስቴር ኋላ የሠራችውን ሥራ ስናይ ይህን የትምህርት ቤትዋን ልማድ ማስታወስ ይገባናል።

በፈረንጆች ዘንድ በፌብሩዋሪ 14 ቀን የሚውል የቅዱስ ቫለንታይን ቀን የሚባል በዓል አለ። በዚህ ቀን ወዳጅ ለወዳጁ የፍቅር ቃል ያለበት ካርድ ይልካል። በአስቴር ወጣትነት ዘመን የእንግሊዝ አገር ሠራተኞች ካርዱን እጅግ አስጊጠው ይሠሩት ነበር፤ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ግን ያን ያህል ጌጥ አልነበረውም። ልማዱንም የሚወደው ሰው ሁሉ አልነበረም። አስቴር በተመረቀች በዓመቱ፣ ማለት በ1848 ዓ. ም.፣ ሜሪ ላየን ተማሪዎችዋ እንዲህ ያለውን ወረቀት እንዳይላላኩ ከልክላለች። ይህንንም ያን ጊዜ እዚያው ትማር የነበረችው ባለቅኔዋ ኤሚሊ ዲክንሰን ለወንድምዋ ከጻፈችው ደብዳቤ እናውቃለን። አስቴር መምህርትዋ እንደ ከንቱ ነገር የቈጠረችውን ወረቀት መተዳደሪያዋ አደረገችው።

የሥራው መነሻ እንደዚህ ነበር። በተመረቀች ሰሞን ከአባትዋ የንግድ ወዳጆች አንዱ ከእንግሊዝ አገር የመጣ ካርድ ላከላት። ካርዱ ዙሪያውን በወረቀት ዳንቴል የተከበበ፣ በመካከሉም ተቈርጠው የተለጠፉ የአበባ ሥዕሎች ያሉበት ነበር። ሌላ ሴት ብትሆን አድንቃ ከሣጥንዋ ታኖረው ይሆናል። አስቴር ግን ካርዱን አገላብጣ ከምን ከምን እንደ ተሠራ መረመረች፤ ከዚያ የሚሻል ለመሥራት እንደምትችልም ተረዳች።

የወረቀት ዳንቴል ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የሚፈልግ አንባቢ ደረቅ ማኅተምን ያስታውስ። ደረቅ ማኅተም ቀለም የለውም፤ ወረቀቱ በተቀረጸ ብረት መካከል ሲጨመቅ ፊደሉ አበጥ ብሎ ይወጣል፤ በጣትም ይዳሰሳል። በ1830ዎቹ በለንደን የነበሩ የወረቀት ሠራተኞች ይህንኑ ዘዴ አራቀቁት። ወረቀቱን አበባና ቅጠል በተቀረጸበት ብረት ላይ ይጫኑታል። ከዚያም አብጦ የወጣውን ክፍል በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ሲፍቁት ያ ቦታ ሳስቶ ይከፈታል። የሚቀረውም ወረቀት ልክ እንደ ዳንቴል በቀዳዳ የተዋበ ይሆናል።

አስቴር ይህን የወረቀት ዳንቴል ከእንግሊዝ አገር፣ የአበባ ሥዕሎችንም ከኒው ዮርክ በአባትዋ በኩል አስመጣች። 12 ያህል ናሙና ሠርታም ለአባታቸው ንግድ በየከተማው ለሚዞረው ለወንድምዋ ሰጠችው። ተስፋዋ የ200 ዶላር ትእዛዝ ቢገኝ ነበር። ወንድምዋ ግን ከ5,000 ዶላር የሚበልጥ ትእዛዝ ይዞ እንደ ተመለሰ ይነገራል።

ይህ ደስታ ብቻ ሳይሆን ጭንቀትም ነበር። የአንዲት ሴት ሁለት እጅ ይህን ሁሉ ካርድ በዓሉ ሳይደርስ ሊሠራ አይችልም። ያላት ምርጫ ትእዛዙን መመለስ ወይም ሥራውን ማካፈል ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ አስቴር ጓደኞችዋን ሰብስባ በአባትዋ ቤት በፎቁ ላይ ባለ አንድ ክፍል በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። አንዲቱ ሥዕሎቹን በመቀስ ትቈርጣለች፤ ሁለተኛይቱ ከታች የሚሆነውን ወረቀት ታዘጋጃለች፤ ሦስተኛይቱ ዳንቴሉን ትለጥፋለች። የመጀመሪያውን አርአያ የምትሠራውና መጨረሻ ላይ የእያንዳንዱን ካርድ ጥራት የምትመረምረው አስቴር ራስዋ ነበረች። ከቤታቸው መውጣት ለማይችሉ ሴቶችም ዕቃውን በሣጥን አድርጋ ትልክላቸውና ከሳምንት በኋላ የተሠራውን ታስመጣ ነበር። የማውንት ሆልዮክ የወጥ ቤት ሥርዓት በዚህ ጠረጴዛ ላይ እንደ ረዳት ለእኔ ግልጥ ሆኖ ይታየኛል።

ጊዜውም ረድቶአታል። ከ1845 ዓ. ም. በፊት የአሜሪካ ፖስታ ቤት ዋጋ የሚጠይቀው በወረቀቱ ቍጥርና በመንገዱ ርቀት ነበር፤ ፖስታው ራሱ እንደ አንድ ወረቀት ስለሚቈጠር ካርድን በፖስታ ከቶ መላክ ዋጋውን እጥፍ ያደርገው ነበር። በ1845 ዓ. ም. በወጣው ሕግ ግን ሒሳቡ በክብደት ሆነ፤ እስከ 300 ማይል ለሚሄድ ቀላል ደብዳቤም 5 ሳንቲም ብቻ ይከፈል ጀመር። በ1851 ዓ. ም. ደግሞ አስቀድሞ ለሚከፈልበት ደብዳቤ ዋጋው ወደ 3 ሳንቲም ወረደ። በዚህ ምክንያት ባለ ብዙ ጌጥ ካርድ መላክ ለተራው ሰው ተቻለው።

የአስቴር ካርድ ከሌላው የሚለይባቸው ነገሮች ነበሩ። ከነጩ ዳንቴል ሥር ደማቅ ቀለም ያለው ስስ ወረቀት ታስገባለች፤ ቀለሙም በቀዳዳዎቹ በኩል ሲታይ ካርዱን ያደምቀዋል። አንዱን ዳንቴል በሌላው ላይ ትደራርባለች፤ በመካከላቸውም የታጠፈ ወረቀት እንደ ሞላ እያደረገች ከፍ ስለምታደርገው ሥዕሉ ከካርዱ ተነሥቶ የቆመ ይመስላል። ሐርና ወርቅማ ወረቀትም ትጨምራለች። ግጥሙን ብዙውን ጊዜ የምታኖረው ከውስጥ ነበር። በ1879 ዓ. ም. ደግሞ 131 ግጥሞች ያሉበት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመች። ገዢው በካርዱ ውስጥ ያለው ግጥም ስሜቱን ካልገለጠለት ከመጽሐፉ የወደደውን መርጦ በቦታው ለመለጠፍ ይችል ነበር። ይህም ጌጡ የሠራተኛዋ ቢሆንም ቃሉ የላኪው መሆን እንዳለበት መረዳትዋን ያሳያል። በካርዱ ጀርባ ላይ ሃውላንድ የሚለውን የቤተ ሰብ ስምዋን የመጀመሪያ ፊደል በቀይ ቀለም ታትም ስለ ነበር፣ ዛሬ ጥንታዊ ካርድ የሚሰበስቡ ሰዎች ሥራዋን በዚህ ይለዩታል።

በ1866 ዓ. ም. ጉልበትዋ ክፉኛ ስለ ተጎዳ ለብዙ ጊዜ በተሽከርካሪ ወንበር ለመቀመጥ ተገደደች። ይሁን እንጂ ሥራዋን አልተወችም፤ በወንበርዋ ላይ ሆና ሠራተኞችዋን ታዝዝና ታስተምር ነበር። በ1870ዎቹም ድርጅትዋ የኒው ኢንግላንድ ቫለንታይን ኩባንያ ተባለ። ገቢውም በዓመት እስከ 100,000 ዶላር ይደርስ እንደ ነበር ይነገራል። ለሴት የተፈቀደው የሥራ በር ጠባብ በነበረበት ዘመን ብዙ ወጣት ሴቶች ከዚህ ጠረጴዛ ደመወዝ አግኝተዋል።

ከ1880 ዓ. ም. ጥቂት በኋላ ግን አባትዋ ስለ ታመመባት እርሱን ለማስታመም ስትል ከ30 ዓመት በላይ የደከመችበትን ድርጅት ጆርጅ ዊትኒ ለሚባል የዉስተር ነጋዴ ሸጠች። ለሌሎች የፍቅር ካርድ ስትሠራ የኖረችው ይህች ሴት ራስዋ ባል አላገባችም፤ በ1904 ዓ. ም. ኩዊንሲ በምትባል ከተማ ዐረፈች። የዊትኒ ኩባንያም ካርዱን በማተሚያ መኪና እያበዛ ቈይቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወረቀት ስለ ጠፋ በ1942 ዓ. ም. ተዘጋ። በአስቴር ጠረጴዛ ዙሪያ በእጅ የተለጠፉት ካርዶች ግን በአሜሪካ ሙዚየሞችና በሰብሳቢዎች ዘንድ በክብር ተጠብቀው ይገኛሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ብዙ ነው። አስቴር ባሕር ተሻግሮ የመጣውን ነገር አይታ በማድነቅ ብቻ አልቀረችም፤ ትእዛዙ ከአቅምዋ በላይ ሲሆንም ሥራውን ከጓደኞችዋ ጋር ተካፈለችው እንጂ አልሸሸችም። በዚህ ዓመት ትምህርታችንን የምንፈጽም ወጣቶች ሥራ እስኪገኝ እጃችንን አጣጥፈን ከምንቀመጥ ይህን ብንሞክር ምን ይጎዳናል? ዳንቴል ከውጭ ማስመጣት አያስፈልገንም። የደረቀ ዐደይ አበባ፣ ከነጠላ ጥለት የተቀዳ ሐረግ፣ ከግማሽ ድንች ተቀርጾ በቀለም የሚነከር ማኅተም፣ ወረቀቱን በጨርቅ ላይ አስተኝቶ ከጀርባው በደነዘዘ እስክርቢቶ እየገፉ የሚወጣ ያበጠ ቅርጽ፣ ይህ ሁሉ በየቤታችን አለ። አንዱ ቢቈርጥ፣ ሌላው ቢያትም፣ ሦስተኛው ቢለጥፍ፣ ጽሕፈቱ ያማረለትም እንኳን አደረሳችሁ የሚለውን ቢጽፍ፣ የሳንሱሲ ልጆች ለሚመጣው እንቁጣጣሽ ከማተሚያ ቤት ወረቀት ሳይገዙ የራሳቸውን ሥራ ይዘው ለመዞር ይችላሉ። ሥራው በጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ ስለማያልቅ ግን ከሐምሌ ጀምሮ መሰናዳት ይገባል።