ኤድዋርድ ሆፐር፤ የከተማ ብቸኝነት ሠዓሊ

ሰው ከሰው ጋራ ተሰብስቦ ይኖር ዘንድ ከተማን ሠራ። በከተማም ውስጥ ቤት ከቤት ተያይዞ፥ መስኮት ከመስኮት ፊት ለፊት ተከፍቶ፥ መንገደኛ ከመንገደኛ ትከሻ ለትከሻ እየተገፋፋ ይኖራል። ይሁን እንጂ በገጠር አንዱ ጎጆ ከሌላው ርቆ ሳለ ጎረቤት የጎረቤቱን ሐዘንና ደስታ ሲካፈል፥ በከተማ ግን በአንድ ግድግዳ ብቻ የተለያዩ ሰዎች ስም ለስም እንኳ ሳይተዋወቁ ዕድሜአቸውን ሲፈጽሙ ይታያል። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚለው የአባቶቻችን ብሂል የሚፈተነውም በዚህ ስፍራ ነው። ይህን ነገር ብዙ ደራስያን በመጽሐፍ፥ ብዙ ሰባክያንም በስብከት ገልጠውታል። ያለ ቃል፥ በብርሃንና በጥላ ብቻ አጉልተው ካሳዩት ሰዎች መካከል ግን የመጀመሪያውን ስፍራ ከያዙት አንዱ አሜሪካዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ሆፐር ነው። በዚህ ጽሑፍ የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ ባጭሩ ለመግለጽና፥ ሥዕሎቹ እርሱ ካረፈ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላም ስለ ምን እንደ ተወደዱ ለመመርመር እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኤድዋርድ ሆፐር በጁላይ 22 ቀን 1882 ዓ.ም. ከኒው ዮርክ በስተ ሰሜን፥ በሀድሰን ወንዝ ዳር በምትገኘው ናያክ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ማሪዮን የምትባል በሁለት ዓመት የምትበልጠው እኅትም ነበረችው። ቤተ ሰቡ ኑሮው መካከለኛ፥ እምነቱም ባፕቲስት ነበር። ልጁ ቁመቱ ከእኩዮቹ ሁሉ በላይ የረዘመ፥ ጠባዩም ዝምተኛ ሆኖ ከጨዋታ ይልቅ እርሳስና ወረቀት ይዞ ብቻውን መቀመጥን የሚወድ ነበር። ወላጆቹም የሥዕል ፍቅሩን አልከለከሉትም። ነገር ግን ሥዕል ብቻውን እንጀራ እንደማይሆን ስለ ፈሩ፥ ለመጽሔትና ለንግድ ማስታወቂያ የሚሆን ሥዕል ይማር ዘንድ መከሩት። እርሱም ምክራቸውን ተቀብሎ በ1899 ዓ.ም. ይህን ሙያ ወደሚያስተምር ትምህርት ቤት ገባ። በማግሥቱ ዓመት ግን ወደ ኒው ዮርክ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተዛውሮ እስከ 1906 ዓ.ም. ድረስ በዚያ ተማረ።

ከመምህራኑ መካከል በሆፐር ልብ ውስጥ ጥልቅ ምልክት የተወው ሮበርት ሄንራይ ነው። በዚያ ዘመን የሥዕል ተማሪዎች የጥንት ሐውልቶችን እየገለበጡ ያማረውን ነገር ብቻ ማሳመርን ይማሩ ነበር። ሄንራይ ግን ሥነ ጥበብ ከሕይወት ይወጣል የሚል እምነት ስለ ነበረው፥ ተማሪዎቹ ወደ መንገድ ወጥተው ሠራተኛውን፥ መጠጥ ቤቱን፥ ቲያትሩን፥ ድልድዩን፥ ባጭሩ በዓይናቸው የሚያዩትን የከተማ ኑሮ እንዲሥሉ ያበረታታቸው ነበር። በዚሁ ትምህርት ቤት የተማሩት እነ ጆርጅ ቤሎስና ሮክዌል ኬንት ገና በወጣትነታቸው ስማቸው ሲነሣ፥ ሆፐር ግን የመምህሩን ትምህርት በልቡ ይዞ ፍሬውን ሳያሳይ ብዙ ዓመት ቆየ።

በ1906 ዓ.ም. ሆፐር ወደ ፓሪስ ሄደ፤ ከዚያም በኋላ በ1909 እና በ1910 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ተመልሶ ጎበኛት። በዚያ ጊዜ ፓሪስ የአዲስ ጥበብ ምድጃ ነበረች፤ ፒካሶና ጓደኞቹ የጥንቱን የአሣሣል ሥርዓት ገልብጠው በሌላ መንገድ መሄድ የጀመሩበት ዘመን ነው። ሆፐር ግን በዚህ ግርግር መካከል እንዳልሰማ ሆኖ አለፈ። እርሱ የተመለከተው በሴን ወንዝ ድልድዮችና በድንጋይ ደረጃዎች ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ነበር። በአምስተርዳምም የሬምብራንትን ታላቅ ሥዕል፥ የሌሊት ዘቦች የሚባለውን አይቶ እጅግ ተደነቀ። ከዚያ ወዲያ ወደ ኤውሮፓ አልተመለሰም፤ ከዚያ ያመጣውም ሀብት ብርሃን በግድግዳ ላይ ሲወድቅ እንዴት እንደሚናገር ማወቁ ነበር።

ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ያጋጠመው ኑሮ ግን መራራ ነበር። በ1913 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በተደረገው የታወቀ ዓለም አቀፍ የሥዕል ኤግዚቢሽን አንድ የጀልባ ሥዕል በ250 ዶላር ሸጠ። ሠላሳ ዓመት አልፎት ያገኘው ይህ የመጀመሪያ ሽያጭ የዕድሉ በር የተከፈተ አስመስሎት ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት ሙሉ አንድም የዘይት ቀለም ሥዕል የሚገዛው አላገኘም። በዚያው ዓመት በዋሽንግተን አደባባይ ዳር ባለ ቤት ከላይኛው ፎቅ ተከራየ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ከዚያ አልወጣም። ወደ ክፍሉ ለመድረስ 74 ደረጃ መውጣት ያስፈልግ ነበር፤ ለምድጃው የሚሆነውን ከሰል እስከ እርጅናው ድረስ ራሱ እየተሸከመ ይወጣ ነበር። እንጀራውን የሚያገኘው ለንግድ መጽሔቶችና ለማስታወቂያ ሥዕል በመሥራት ነው፤ ይህንንም ሥራ አጥብቆ ይጠላው ነበር። በ1920 ዓ.ም. 16 ሥዕሎች ሰብስቦ ለብቻው ኤግዚቢሽን ቢያደርግ አንዱም ሳይሸጥ ቀረ።

ይሁን እንጂ በእነዚህ የጨለማ ዓመታት ውስጥ የሚፈልገውን ነገር ማግኘት ጀምሮ ነበር። ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ በብረት ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ በወረቀት የሚታተመውን የሥዕል ዓይነት ተለማመደ። በ1921 ዓ.ም. የሠራው የሌሊት ጥላዎች የሚባለው ሥዕል፥ አንድ ሰው በጭር ያለ መንገድ ብቻውን ሲሄድ ከላይ ሆኖ እንደሚያየው መስኮት ያሳያል። በሰውዬው ፊት አንድ ረጅም የምሰሶ ጥላ መንገዱን አቋርጦ ተጋድሟል። ሰውዬው ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ሆፐር ዕድሜ ልኩን የሚሥለው ነገር በዚህ ትንሽ ወረቀት ላይ አስቀድሞ ታየ።

የዕድሉ መለወጫ ጆዜፊን ኒቪሰን ነበረች። ይህች ሴት እንደ እርሱ የሄንራይ ተማሪ የነበረች ሠዓሊ፥ ደግሞም በኒው ዮርክ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች መምህርት ሆና ያገለገለች ናት። በ1923 ዓ.ም. የበጋ ወራት ግሎስተር በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተገናኙ፤ በውሃ ቀለም እንዲሥልም አደፋፈረችው። በዚያው ዓመት የብሩክሊን ሙዚየም የእርሷን ሥራዎች ለኤግዚቢሽን ሲጠይቃት የእርሱንም እንዲያዩ አሳሰበቻቸው። ሙዚየሙ አንዱን የሆፐርን ሥዕል በ100 ዶላር ገዛ፤ ጸሐፊዎችም ሁሉ እርሱን ሲያመሰግኑ የእርሷ ሥራ ተረሳ። በ1924 ዓ.ም. ተጋቡ። በዚያው ዓመት ፍራንክ ሬን በተባለ የሥዕል ነጋዴ ቤት የታዩት የውሃ ቀለም ሥዕሎቹ በሙሉ ተሸጡ። ሆፐርም በአርባ ሁለት ዓመቱ የማስታወቂያውን ሥራ ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለሥዕል መስጠት ቻለ።

ከዚህ በኋላ ታላላቅ ሥራዎቹ ተከታተሉ። በ1925 ዓ.ም. የሠራው ከባቡር ሐዲድ አጠገብ ያለው ቤት፥ ዛፍም ሰውም በሌለበት ስፍራ የቆመ ረጅም ያለፈበት ቤት ነው፤ ሐዲዱ ከፊቱ አቋርጦ የቤቱን ሥር ስለ ሸፈነው፥ ቤቱ ዘመን ጥሎት የሄደ ይመስላል። ይህ ሥዕል በ1930 ዓ.ም. ወደ ኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስጦታ ገብቶ፥ በሙዚየሙ ቋሚ ክምችት ውስጥ የመጀመሪያው የዘይት ቀለም ሥዕል ሆነ። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ አስተናጋጅ በሌለበት፥ ምግቡ ሳንቲም ሲገባ ከሚከፈት ሣጥን በሚወጣበት ምግብ ቤት ውስጥ አንዲት ሴት ብቻዋን ቡና ስትጠጣ ሣለ። ሴትዮዋ ኮቷን አላወለቀችም፤ አንድ እጇ ጓንቲውን እንዳጠለቀ ነው። ከበስተ ኋላዋ ያለው መስኮት የውጭውን መንገድ ሳያሳይ፥ የቤቱን መብራቶች ብቻ በጨለማው ላይ ደርድሮ ይመልሳል።

በ1930 ዓ.ም. የሠራው የእሑድ ማለዳ ሥዕል ከዚህም ያልፋል። ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም፤ የማለዳ ፀሐይ በቀይ ጡብ ግድግዳ ላይ ወድቃለች፤ ረጅም ጥላ በመንገዱ ላይ ተዘርግቷል። ሆፐር በአንዱ መስኮት ውስጥ ሰው ሥሎ ነበር፤ ኋላ ግን በቀለም ሸፈነው። ሰውን ከሥዕሉ በማውጣቱ ብቸኝነቱ ይበልጥ ተሰማ፤ ተመልካቹ ራሱ የጎደለውን ሰው ስፍራ ይይዛልና።

ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ግን በሌሊት ምግብ ቤት ውስጥ የተቀመጡትን ሰዎች የሚያሳየው ሥዕል ነው። ሥራው የተጀመረው ጃፓን በዲሴምበር 1941 ዓ.ም. ፐርል ሀርበርን ከመታች በኋላ ነው። ኒው ዮርክ የአየር ጥቃት ፈርታ መብራት ማጥፋት ስትለማመድ፥ ባለቤቱም በጣራቸው ላይ ስላለው የመስተዋት መስኮት ስትጨነቅ፥ እርሱ ከሸራው ፊት አልተነሣም። ሥዕሉ በጃንዋሪ 1942 ዓ.ም. ተፈጸመ፤ የቺካጎ የሥነ ጥበብ ኢንስቲትዩትም በዚያው ዓመት በ3,000 ዶላር ገዛው። በሥዕሉ ላይ የማዕዘን ምግብ ቤት በትልቅ መስተዋት ተከቦ ያበራል፤ ውጭው ጨለማ ነው። ነጭ ልብስ የለበሰ አሳላፊ አጎንብሶ ይሠራል። ወንድና ሴት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ እጆቻቸው ሊነካኩ ቀርበዋል፥ ግን አይነካኩም። አንድ ሌላ ሰው ጀርባውን ሰጥቶን ብቻውን ተቀምጧል። ከመንገድ ወደ ውስጥ የሚያስገባ በር ግን በሥዕሉ ላይ አይታይም። ተመልካቹ ከውጭ ቆሞ ብርሃኑን ያያል፤ መግባት ግን አይችልም። በውስጥ ያሉት ከውጭ ካለው ይልቅ ብቸኞች መሆናቸውን ሲረዳም ማን ለማን ማዘን እንዳለበት ይቸገራል።

ስለ እነዚህ ሥዕሎች ስንናገር የጆዜፊንን ድርሻ መዝለል ፍርደ ገምድልነት ነው። ከጋብቻቸው በኋላ በሥዕሎቹ ላይ የሚታዩት ሴቶች ሁሉ ማለት ይቻላል በእርሷ አምሳል የተሠሩ ናቸው፤ በሲኒማ ቤት ግድግዳ ተደግፋ የምታስበው፥ በሆቴል አልጋ ላይ ተቀምጣ ወረቀት የምታነበው፥ በማለዳ ፀሐይ ፊት ለፊት የተቀመጠችው እርሷ ናት። እያንዳንዱ ሥራ መቼ እንደ ተፈጸመና ለማን እንደ ተሸጠ በመዝገብ ትጽፍ ነበር። እርሱ ዝምተኛ፥ እርሷ ተናጋሪ ስለ ነበሩ በመካከላቸው ብዙ ጠብ ነበረ፤ የእርሷንም ሥዕል እርሱ እንደ ቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር። እንግዲህ እነዚህ የብቸኝነት ሥዕሎች የአንድ ብቸኛ ሰው ሥራ አይደሉም። አንዲት ሠዓሊ የራሷን ብሩሽ እያስቀመጠች፥ ለሌላው ሥዕል ብቸኛ ሴት ሆና በመቀመጧ የተገኙ ናቸው።

የሥዕሎቹ ፍቅር እስከ ዛሬ ለምን አልቀነሰም? አንደኛው ምክንያት ሆፐር ታሪክን ጀምሮ አለመጨረሱ ነው። ሴትዮዋ ደብዳቤ ደርሷት ይሆን፥ ወይስ ሰው ትጠብቅ ይሆን? አይነግረንም። ስለዚህ እያንዳንዱ ተመልካች ከራሱ ኑሮ ቆርሶ ይጨምርበታል። ሁለተኛው ምክንያት አለመፍረዱ ነው፤ ከተማን አይረግምም፥ ብቸኛውንም ሰው ለምጽዋት አያቀርበውም። በክፍሉ ውስጥ ለሰውዬው ያለውን ክብር ያህል በግድግዳው ላይ ላረፈው ብርሃንም ይሰጣል። ስለ ብቸኝነት የሚባለው ነገር ከመጠን በላይ ይነገራል እያለ ራሱ ያጉረመርም እንደ ነበር ይታወቃል። ምናልባት ብቸኝነትን ሊያስተምር አለመነሣቱ ነው እውነተኛ ያደረገው። ደግሞም አሠራሩ እጅግ የዘገየ ነበር፤ ወራት ሙሉ ሲያስብ ቆይቶ፥ ብዙ ንድፍ ሠርቶ፥ በእርጅናው ዘመን በዓመት ሁለት ሥዕል ብቻ የፈጸመበት ጊዜ አለ።

በ1933 ዓ.ም. የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፥ በ1950 እና በ1964 ዓ.ም. ደግሞ የዊትኒ ሙዚየም ሥራዎቹን ሰብስበው በታላቅ ክብር አሳዩለት። ክብሩ ግን አኗኗሩን አልለወጠውም። በ1963 ዓ.ም. ሰው የሌለበት ባዶ ክፍል ውስጥ የገባ የፀሐይ ብርሃን ሣለ። የመጨረሻው ሥዕሉ ደግሞ ነጭ ልብስ የለበሱ ሁለት የመድረክ ተዋንያን፥ ወንድና ሴት፥ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሕዝቡን ሲሰናበቱ ያሳያል፤ ለጆዜፊን ያልተናገረውን ምስጋና በዚህ እንደ ተናገረ ብዙዎች ያምናሉ። በሜይ 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በዋሽንግተን አደባባይ ባለው የሥራ ክፍሉ ዐረፈ፤ በተወለደባት በናያክም ተቀበረ። ጆዜፊን ከዓመት በታች ቆይታ በማርች 1968 ዓ.ም. ተከተለችው። ከ3,000 የሚበልጡ የእርሱን ሥራዎች፥ የራስዋንም ጭምር፥ ለዊትኒ ሙዚየም ተናዘዘች፤ የእርሱ በክብር ሲጠበቅ፥ ከእርሷ ሥራ ብዙው ሳይጠበቅ ቀረ።

በ2018 ዓ.ም. ሁለት ሴቶች በቻይና ምግብ ቤት ተቀምጠው የሚያሳየው የ1929 ዓ.ም. ሥዕሉ ወደ 92 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ተሸጠ። ይሁን እንጂ የሥዕሎቹ ዋጋ በገንዘብ ብቻ አይለካም። በ2020 ዓ.ም. በወረርሽኝ ምክንያት የዓለም ከተሞች ጎዳናዎች ጭር ሲሉና ሰው በየቤቱ ሲዘጋ፥ በየአገሩ ያሉ ሰዎች ሁኔታቸውን ለመግለጽ የሆፐርን ሥዕሎች እርስ በርሳቸው ተላላኩ። ብቻውን በመስኮት የተቀመጠ ሰው፥ ከእርሱ በፊት ሌላ ሰው እንዲሁ እንደ ተቀመጠና አንድ ሠዓሊም እንዳየው ሲያውቅ ብቸኝነቱ ይቀልለታል።

ለመምህራን ደግሞ የዚህ ሰው ሕይወት የተለየ ትርጉም አለው። ሄንራይ በዚያ ክፍል ካስተማራቸው ወጣቶች መካከል ዝምተኛው ረጅም ልጅ የትምህርቱን ፍሬ ያሳየው ከትምህርት ቤት በወጣ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። በየክፍላችን ዝም ብለው የሚቀመጡ፥ ከእኩዮቻቸው ወደ ኋላ የቀሩ የሚመስሉ ልጆች አሉ። እነርሱን በፈተና ውጤት ብቻ መዝነን ተስፋ ከመቁረጣችን በፊት፥ በመስኮቱ ሲመለከቱ ምን እንደሚያዩ ልንጠይቃቸው ይገባል።