እምዬ ምኒልክ በከብት እልቂቱ ዘመን

ስለ ዐፄ ምኒልክ ሲወራ ዐድዋ ይቀድማል፤ ከዚያ ባቡሩና ስልኩ ይከተላል። እኔ ግን በዚህ እትም የመጻፍ ተራው ሲደርሰኝ ልነግራችሁ የፈለግሁት ሌላውን ታሪካቸውን ነው። የአገሩ ከብት ባለቀበት ዓመት ዘውድ ስለጫኑት ምኒልክ ነው። ለምን ይህን እንደመረጥሁ ወደኋላ እናገራለሁ።

ምኒልክ የእኛው የሰሜን ሸዋ ልጅ ናቸው። ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው በአንጎለላ፣ እንቁላል ኮሶ በሚባል ቦታ ተወለዱ። አባታቸው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ኃይለ መለኮት ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ደግሞ በቤተ መንግሥት የሚያገለግሉ ሴት እንጂ የባላባት ልጅ አልነበሩም። የአባታቸውን ዘር ወደላይ ስንቆጥር መንዝ እንደርሳለን፤ የሸዋን ነገሥታት ሐረግ የጀመረው ነጋሢ ክርስቶስ ከአጋንቻ የተነሣ የመንዝ ሰው ነው። እዚህ ያለን ሰዎች ይህን ስንሰማ ደስ ይለናል፤ አልደብቅም።

ልጅነታቸው ግን ምቾት አልነበረውም። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ ሸዋ ሲዘምቱ አባታቸው ሞቱ፤ እሳቸውም በ11 ዓመታቸው ተማርከው ተወሰዱ። አሥር ዓመት ያህል በቴዎድሮስ እጅ ቆይተው በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አመለጡ። መንገዳቸው በወሎ ነበር። የወሎዋ ገዥ ወይዘሮ ወርቂት የገዛ ልጃቸው በቴዎድሮስ እጅ ታስሮ ሳለ ምኒልክን አሳልፈው አልሰጡም። ልጃቸው ተገደለ፤ ምኒልክም ሸዋ ገብተው ነገሡ። ስለ ምኒልክ የሚጽፉ ብዙዎች ይህችን እናት በአንድ መስመር ያልፏታል። እኔም ቦታ ስለሌለኝ ላልፋት ነው፤ ግን ስሟን ያዙልኝ።

በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር ከጣይቱ ብጡል ጋር ተጋቡ። ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሳይሞላ ያ መከራ መጣ።

መከራው የመጣው በባሕር ነው። ጣሊያኖች ምጽዋን ይዘው ለወታደሮቻቸው ቀለብ የሚሆን ከብት ከሕንድ አስመጡ። ከከብቱ ጋር በሽታ ገባ። ወቅቱ 1880 ዓ.ም. ገደማ ነው። በሽታው በአማርኛ ደስታ ይባላል፤ ስሙ ሽሙጥ ይመስላል። የያዘው ከብት ይተኩሳል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ አፉ ይቆስላል፣ ሆዱ ይሄዳል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ይወድቃል። ያገራችን ከብት ከዚያ በፊት አይቶት ስለማያውቅ መቋቋሚያ አልነበረውም። ከሰሜን ተነሥቶ ትግራይን፣ ጎንደርን፣ ወሎን፣ ሸዋን አዳረሰ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንደሞተ ይገመታል። ዝናቡም ቀረ፤ አንበጣና ተምች ተጨመረ። ክፉ ቀን የምንለው ይህ ነው፤ ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው።

ከብት ሲያልቅ የሚጠፋው በሬው ብቻ እንዳልሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። እንጨት በሌለበት ደጋ ኩበት ከሌለ ምጣድ አይሰማም። ወተቱ ለሕፃኑ፣ ቅቤው ለገበያ፣ ቆዳው ለመኝታ፣ እበቱ ለአውድማ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ቤት ሲወጣ አስቡት። በሬ የሌለው ገበሬም ዘር ቢኖረው እንኳ መሬቱን በምን ያርሰዋል?

ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በወደቁበት በ1881 ዓ.ም. ረኀቡ ብሶ ነበር። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ የወረሱት አገር በሬ የሌለው አገር ነበር። ያን ጊዜ ያደረጉት ነገር እስካሁን ይተረካል። ዶማና መጥረቢያ ይዘው ሜዳ ወጡ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በእጃቸው ቆፈሩ። ዛሬ ይህን ስንሰማ ለፎቶግራፍ የተደረገ ይመስለን ይሆናል፤ ያኔ ግን መሬትን ያለ በሬ በዶማ መቆፈር እንደ ውርደት የሚታይ ሥራ ነበር። ንጉሥ ሲቆፍር ያየ መኳንንት ቆሞ ማየት አልቻለም፤ ወታደሩም ገበሬውም ተከተለ። ጎተራቸውን ከፍተው ለተራበው አደሉ፤ እቴጌ ጣይቱም የተራቡትን በመመገብ ስማቸው ይነሣል። ሕዝቡ ባጣው ነገር አልደሰትም ብለው የከብት ሥጋ ከገበታቸው እንዳስነሡም ይነገራል።

ይህን የጻፍሁ ሰው ያንንም መጻፍ አለብኝ። በእነዚያና በተከታዮቹ ዓመታት ወደ ደቡብ የዘመተው ጦር የሌላውን አገር ከብት እየነዳ ተመልሷል፤ በ1887 ዓ.ም. የወላይታው ዘመቻ አንዱ ነው። የሸዋ በረት እንደገና የሞላው በከፊል በሰው ከብት ነው። የወላይታ እናት ስለ ምኒልክ የምትናገረው እኔ ከምናገረው ቢለይ አልፈርድባትም።

አሁን ወደ ሥጋው ልምጣ። በክፉ ቀን ሰው የሞተውን ከብት በልቷል፤ ሌላም ለመጻፍ የሚከብድ ነገር በልቷል። ደስታ በሽታ ራሱ ሰው አይዝም። ነገር ግን የወደቀ ከብት ሥጋ በሌሎች ተዋሲያን ቶሎ ይበከላል፤ በረኀብ የደከመ ሰውነት ደግሞ ምንም አይችልም። ረኀቡን ተከትለው ተቅማጥ፣ ኮሌራ፣ ታይፈስና ፈንጣጣ መጡ። ከረኀቡ የተረፈውን እነሱ ጨረሱት።

እዚህ ላይ ነው የራሴን የምናገረው። ባለፈው ክረምት በማኅበራችን ብድር ከገዛኋቸው አራት በጎች አንዷ ማታ ደህና ገብታ ጠዋት ሞታ ተገኘች። ከአፍንጫዋ ደም ይወርዳል፤ ደሙም አይረጋም። ጎረቤቶቼ ሥጋው ከሚባክን ተካፍለን እንብላ አሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቢላዋ አንሥቼ ነበር። የብድሩ ዕዳ እያለብኝ ሥጋውን ለጅብ መስጠት ልቤ አልቻለም። የእንስሳት ጤና ባለሙያው ደርሶ አስቆመኝ፤ አባ ሰንጋ ሳይሆን አይቀርም፣ አትንኪያት አለኝ። የክትባት ቡድኑ ቀበሌያችን የመጣ ቀን እኔ በጎቼን አልወሰድሁም። ያረገዘችውን ያስወርዳታል የሚል ወሬ ሰምቼ ነበር፤ ገበያም ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

አባ ሰንጋ ከደስታ የሚለየው በዚህ ነው፤ ሰውን ይይዛል። በበሽታው የሞተውን እንስሳ የገፈፈ እጁ ላይ ጥቁር ቁስል ያወጣል፤ ሥጋውን የበላ ሆዱ ይታመማል፤ ሊሞትም ይችላል። የተዋሲው ዘር በጣም ጠንካራ ስለሆነ መቀቀሉ አያስተማምንም። እንስሳው ከተከፈተ ደሙ የነካው አፈር ላይ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይቆያል።

መከላከያው ግን ቀድሞ ታውቋል። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1873 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በጎችን በሕዝብ ፊት ለአባ ሰንጋ ከተበ፤ ከዚያ የተከተቡትንም ያልተከተቡትንም በበሽታው ወጋቸው። የተከተቡት ቆመው ታዩ፣ ያልተከተቡት በጎች አለቁ። ለደስታ የሚሆነውን መከላከያ ደግሞ ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ በ1889 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ሞከረ፤ ያው በሽታ ከእኛ ወርዶ እዚያ ደርሶ ነበርና። ለእኛ ከብት ሰባት ስምንት ዓመት ዘግይቷል።

ምኒልክ ክትባትን የሚፈሩ ሰው አልነበሩም። ከዐድዋ ድል በኋላ ዶክተር ዉርትዝ የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም አዲስ አበባ መጥተው የፈንጣጣ ክትባት ሲሰጡ ደገፏቸው። የዚያ ክትባት መድኃኒት የሚዘጋጀው በጥጃ ቆዳ ላይ ነበር፤ ሰውን ያዳነው ከከብት የተገኘ ነገር መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሕዝቡ እንደ እኔ ወሬ ይሰማ ስለነበር ሁሉም እጁን አልዘረጋም። በ1900 ዓ.ም. አካባቢም ደስታን ለመከላከል የፈረንሳይ የእንስሳት ሐኪሞች መጡ፤ ያገራችን የእንስሳት ሕክምና ከዚያ ይጀምራል። ያን ጊዜ ግን ንጉሡ ራሳቸው ታመው ነበር። የአንጎል ምት በተደጋጋሚ ጥሏቸው መናገር ተሳናቸው፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ።

በሽታው ከእሳቸው በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ። በ1956 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ተመሠረተ። ኬንያ ውስጥ ዋልተር ፕሎራይት የተባለ ሐኪም የሠራው የተሻለ ክትባት በመላው አፍሪካ ተሠራጨ። በእኛ አገር የመጨረሻው ደስታ የታየው በአፋር ነው፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ መኪና በማይገባበት በረሃ ሙቀት የሚችል ክትባት ተሸክመው ከብቱን የከተቡት ከዚያው ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። በ2003 ዓ.ም. ደስታ ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሰው ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው።

አባ ሰንጋ ግን አፈር ውስጥ ስለሚኖር እንዲህ አይጠፋም፤ በየዓመቱ መከተብ ብቻ ነው። የቀሩት ሦስት በጎቼ ዘንድሮ ተከትበዋል፤ ያረገዘችውም በሰላም ወልዳለች። የሞተችውን ሳንከፍታት ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን፣ ኖራ አልብሰን ቀበርናት። ቦታውን በእሾህ አጥሬዋለሁ፤ ልጆቹም በዚያ በኩል እንዳያሰማሩ ነግሬያቸዋለሁ።